«ስንት ኢንች?» ከመባባላችን በፊት

በቴሌግራም የማሽን ሽያጭ ቻናሎች ላይ የምትዞሩ ከሆነ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም፦ «ባለ 3 ኢንች ፓምፕ፣ ለመስኖም ለማዕድንም የሚሆን፣ አሁኑኑ ይደውሉ!» ከሚሴ ገበያ ወርዳችሁ ሱቅ ብትገቡም ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ኢንች?» ብሎ ነው። ምን ልትስቡበት እንደሆነ የሚጠይቅ ብዙም አይገጥምም። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ መካኒክ አይደለሁም። ግን «ለመስኖም ለማዕድንም» የምትለዋ ሐረግ የስንቱን ማህበር ቁጠባ ልትበላ እንደምትችል ለማስላት መፍቻ መያዝ አያስፈልግም።

እስቲ ከራሳችን ወንዝ እንጀምር። ቦርከና ከደሴ በኩል ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲወርድ ክረምት ላይ መልኩ የወተት ሻይ ነው። በጋ ሲገባ ውሃው ይጠራል፣ ከስር ያለው አሸዋ ግን የትም አይሄድም። በጨፋ ሜዳ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ውሃው ሲያንስበት የመሳቢያ ቱቦውን ጫፍ ወደ አሸዋው ያስጠጋዋል። ፓምፑም ውሃውን ከነአሸዋው ይጠጣል። ከጊዜ በኋላ «ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አይገፋም» ይባላል። ሲፈታ ኢምፔለሩ፣ ማለትም ውስጥ ሆኖ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ክንፍ፣ ጠርዙ አይጥ እንደቀመሰው ዳቦ ሆኖ ይገኛል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የተበላው ጊዛው ነው።

ለገበሬው አሸዋው ድንገተኛ እንግዳ ነው። ለማዕድን ሰው ግን ሥራው ራሱ ነው። ወርቅ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይፈጫል፣ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄደው በቱቦ ነው። ባለሙያዎቹ ስለሪ ይሉታል፤ እኔ ጭቃ ብለው ቅር አይላችሁም። ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚገኝበት ነጩ ድንጋይ፣ ኳርትዝ፣ ከተራ ብረት ይጠነክራል። ይሄን ጭቃ ቀን ከሌሊት መግፋት ማለት ፓምፑን ከውስጥ በሞረድ መሞረድ ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 1 ኪሎ ነው። ከክብደቱ 30 በመቶው የተፈጨ ኳርትዝ የሆነ ጭቃ ግን በሊትር 1.23 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከወፍጮ እንደወጣ፣ 60 በመቶ ድንጋይ ሲሆን፣ 1.6 ኪሎ ይደርሳል። ፓምፑ የሚጠይቀው ጉልበት ከዚህ ክብደት ጋር አብሮ ያድጋል። ለንጹህ ውሃ ልክ ተደርጎ የተገዛ የኤሌክትሪክ ሞተር ጭቃ ላይ ሲገባ ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል፣ እኛም «የቻይና ዕቃ!» ብለን እንገላገላለን። ኧረ ቻይና ምን አደረገች? ስሌቱ ነው የጎደለው።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። የፓምፑ መበላት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ እንደ ጭቃው ዓይነት ቢለያይም ወደ ሦስተኛ ፓወር ይጠጋል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ መበላቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ነጻ ምሳ ግን የለም፦ ያው ፓምፕ ጭቃውን የሚያወጣበት ከፍታም ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የማዕድን ፓምፕ ትልቅ፣ ከባድና ዘገምተኛ ሆኖ ይሠራል። ብዙዎቹ በቺንጋ የሚዞሩትም ፑሌጃ እየቀየሩ ፍጥነቱን ለማስተካከል እንዲመች ነው። በማስታወቂያ ላይ «ፈጣን» የሚለውን ቃል ስታዩ ፓምፑ ለጭቃ ከሆነ ተጠራጠሩ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በምዕራብ አውስትራሊያዋ የወርቅ ከተማ ካልጉርሊ ቻርልስ ዋርማን የተባለ ሰው የሠራው ፓምፕ ዛሬም በስሙ ይሸጣል። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መበላቱ ካልቀረ፣ የሚበላው ክፍል እንደ ጫማ ሶል የሚቀየር ይሁን። ሶሉ ደግሞ ሁለት ዋና ምርጫ አለው። ቅንጣቱ ደቃቅና ድቡልቡል ከሆነ ጎማ ይሻላል፤ አሸዋው ነጥሮ ይመለሳል። ቅንጣቱ ሻካራና ስለታም ከሆነ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ክሮም የበዛበት ጠንካራ ጊዛ ይገባል። ናፍጣ ወይም ዘይት የነካው ጭቃ ላይ ተራ ጎማ አይሞከርም፣ ያብጣል።

በአንድ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት ፓምፕ ለሁሉም አይሆንም። ከወፍጮው ስር ያለው በጣም ከባዱ ሥራ ነው፤ ሻካራ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ የተሰበረ የወፍጮ ብረት ኳስ ሳይቀር ይመጣበታል። አረፋ የሚገፋው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ውስጡ አየር ስለሆነ ተራ ፓምፕ ይታነቅበታል፣ አፉ ሰፊ መሆን አለበት። ወለል ላይ የፈሰሰውን ከጉድጓድ የሚያወጣው ቁመናው ወደ ታች ነው፣ ኩሽኔታው ግን ከጭቃው በላይ ይቀመጣል።

እኔን በጣም የገረመኝ የከሰሉ ነገር ነው። በብዙ ዘመናዊ የወርቅ ፋብሪካዎች ወርቁ በሳይናይድ ከሟሟ በኋላ በከሰል ቅንጣቶች ላይ እንዲለጠፍ ይደረጋል። ከሰሉ ከጋን ወደ ጋን የሚዘዋወረው በፓምፕ ነው። ፓምፑ ሻካራ ከሆነ ከሰሉን ይሰብረዋል። የደቀቀው ከሰል ደግሞ በወንፊቱ ሾልኮ ከነወርቁ ከዝቃጩ ጋር ይሄዳል። አያችሁት? በዚህ ቦታ የተሳሳተ ፓምፕ የሚያስከፍላችሁ መለዋወጫ ብቻ ሳይሆን ወርቁን ራሱን ነው። ለዚህ ነው ኢምፔለሩ ወደ ኋላ ገባ ያለ፣ ከሰሉን ብዙም ሳይነካ በሽክርክሪት የሚገፋ ፓምፕ የሚመረጠው።

የመጨረሻው ጉዞ ዝቃጩን ወደ ግድቡ መውሰድ ነው። መንገዱ ሊረዝም ስለሚችል ፓምፖች ተራ በተራ ተቀጣጥለው ይገፉታል። እዚህ ላይ ፍጥነት በጣም ከቀነሰ አሸዋው ቱቦው ውስጥ ይተኛል፣ መብራት ሲጠፋም ያው ነው። የተዘጋ ወይም የተበሳ የዝቃጭ ቱቦ ማለት ከማዕድን ቦታው አጥር ውጪ ላለ ሰው ከብት፣ ውሃና ልጅ ማለት ነው። በጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ በግንቦት 2010 የታገደው ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣ ኬሚካል ጤናችንን ጎዳ ብለው ከተቃወሙ በኋላ ነበር። ጥፋቱ የፓምፕ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ዝቃጭ በምን እንደሚጓዝ መጠየቅ የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሁሉም ማዕድን ይሄን ጣጣ አይፈልግም። የደላንታ ወጣቶች ኦፓል የሚያወጡት ገደል ውስጥ በመቆፈሪያ ነው፤ እዚያ ስለሪ ፓምፕ ልሽጥላችሁ የሚል ቢመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። አሸዋ አጥቦ ለመሸጥ ወይም ደለል ወርቅ ለማጠብ የተደራጃችሁ ግን ሒሳቡ ይመለከታችኋል።

እንበል፣ አንዱ ፓምፕ 40,000 ብር፣ ሌላው 120,000 ብር ነው። የመጀመሪያው በየሦስት ወሩ ኢምፔለር ቢፈልግ፣ አንዱ ኢምፔለር 12,000 ብር ቢሆን፣ በተቀየረ ቁጥር አራት ቀን ሥራ ቢቆም፣ የቀን ገቢያችሁም 5,000 ብር ቢሆን፣ በዓመት 128,000 ብር ሄደ። ከዚህ ውስጥ 80,000ው መለዋወጫ ሳይሆን የቆመ ቀን ነው። ርካሹ ፓምፕ በአንድ ዓመት ውስጥ 168,000 ብር ፈጀ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታይ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስሞላት ይቻላል፣ ግን የተሞላው ብረት እንደ ዋናው ካልጠነከረ ቶሎ ይመለሳል።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ባዶውን መዝኑ፣ ከዚያ የምትስቡትን ጭቃ በደንብ አማስላችሁ እስከ አንድ ሊትሩ ሙሉና ደግማችሁ መዝኑ። ልዩነቱ 1.2 ኪሎ ካለፈ የውሃ ፓምፕ ዋጋ መጠየቃችሁን ተዉ። ጠርሙሱን አቁማችሁ አሳድሩት፤ ከስር የተኛውን በጣታችሁ ፈትጉት። ዱቄት ነው ወይስ ይቆርጣል? ትልቁን ቅንጣት በሚሊሜትር ለኩ። ይሄን ይዛችሁ፣ ጭቃው ስንት ሜትር ወደ ላይ፣ ስንት ሜትር ወደ ጎን እንደሚሄድ ጨምራችሁ ለባለሱቁ ንገሩት።

የከሚሴ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አላችሁ። ከባሕር ወለል ወደ 1,400 ሜትር ከፍ ብለን ስለምንኖር አየሩ ውሃን መደገፍ የሚችለው ከ8.7 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 10.3 ነው። ይሄም በወረቀት ላይ፣ ለንጹህ ውሃ ነው። ጭቃ ሲሆን፣ ቱቦውም ሲጨመርበት የበለጠ ይወርዳል። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ሞተር ማሳደግ አይረዳም፤ ፓምፑ ራሱ ወደ ጭቃው ነው መውረድ ያለበት።