ሐኪም ኦላጁዋን፦ ኳሱንም ፆሙንም ያልጣለ ስፖርተኛ

 

ጽሑፋችንን በራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደ መድረሳችን መጡ። «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ ከኳስ ሜዳ አልመለስ ብሎ አስቸገረኝ። ወይ ኳሱን ወይ ቂርኣቱን ይምረጥና ልረፍ» አሉን። እኛም ነገሩን ሳናጣራ፣ ልጁ ይሰግድ እንደሆነ፣ የሚጫወተውም በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ሳንጠይቅ፣ «ኳሱን ተው» ብለን ፈረድንበት። ልጁም ኳሱን ተወ። ሦስት ወር ሳይሞላው ግን ቂርኣቱንም ተወ። ዛሬ በመንገድ ሲያየን ፊቱን አዙሮ ያልፋል።

ባለፈው ረመዳን ዋዜማ ደግሞ ሌላ ተማሪ መጣ። ይኸኛው ቀን በምናስተምርበት ትምህርት ቤት በቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ የሚጫወት፣ ማታ ደግሞ መድረሳ የሚቀራ ልጅ ነው። «ኡስታዝ፣ ግጥሚያችን በረመዳን ውስጥ ሆነብኝ። ጓደኞቼ ኳስና ፆም አብረው አይሄዱም ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?» አለን። የመጀመሪያው ልጅ ፊት ትዝ አለንና ለመመለስ አልቸኮልንም። አጠገባችን አስቀምጠን የአንድ ሰው ታሪክ ነገርነው። ታሪኩ ለሌሎች ወላጆችና ልጆችም ይጠቅማል ብለን ስላሰብን እነሆ ለእናንተም አቀረብነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሌጎስ የመጣው በረኛ

ሐኪም ኦላጁዋን በ1963 በናይጄሪያ ትልቋ ከተማ በሌጎስ፣ ከአንድ የዮሩባ ሙስሊም ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ በሲሚንቶ ንግድ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። በልጅነቱ እግር ኳስና የእጅ ኳስ ይጫወት ነበር፤ በእግር ኳስ በረኛ ነበር። የቅርጫት ኳስን የጀመረው አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈ ሰው እንደ አጭር ሰው እግሩ የሚቀለው እንዴት ነው ተብሎ በኋላ ሲጠየቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ ያ የልጅነቱ የእግር ኳስ ሜዳ ነበር።

በ1980 ወደ አሜሪካ ሄደ። በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በሚገኘው የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙ ጋይ ሉዊስ እንዲያዩት ብቻ ነበር የተጋበዘው። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው አልነበረም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢደውል «ታክሲ ይዘህ ና» አሉት። ኋላ ስሙ በዓለም የሚጠራው ሰው አሜሪካ የገባው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ሳይሰለፍ እየተለማመደ አሳለፈ። በበጋ ደግሞ በከተማው በሚገኝ አንድ የሕዝብ መጫወቻ አዳራሽ፣ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከሞሰስ ማሎን ጋር ይጋጠም ነበር። ታላቁ ታናሹን እየገፋና እያደከመ ሙያውን አስተማረው። ዩኒቨርሲቲውም ከሐኪም ጋር በ1982፣ በ1983 እና በ1984 በተከታታይ ከአገሪቱ የመጨረሻ አራት ቡድኖች አንዱ ለመሆን በቃ። ነገር ግን ዋንጫውን አላነሳም። በ1983 በመጨረሻዋ ሴኮንድ በገባች ኳስ ተሸነፈ፤ በ1984 ደግሞ የፓትሪክ ዩዊንግ ቡድን አሸነፈው። ይህን የዩዊንግን ስም አንባቢያን እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው በ1984 የሂውስተን ሮኬትስ ክለብ ከአዳዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ አድርጎ መረጠው። በዚያ ምርጫ ሦስተኛ የወጣው ማይክል ጆርዳን ነበር ብንል የሐኪም ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ ይገባል።

ቁጣና ኩርፊያ

ታሪኩን ስንነግር ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጠን ብንነግር ልጆቻችንን እንዋሻቸዋለን። ወጣቱ ሐኪም ግልፍተኛ ነበር። ከዳኞች ጋር ይከራከራል፣ ከተጋጣሚዎቹ ጋር ይጣላል። በ1986 ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር በተደረገ ወሳኝ ግጥሚያ በድብድብ ምክንያት ከሜዳ ተባሯል። በዚያ ዓመት ቡድኑ ለዋንጫ ቢደርስም በቦስተን ሴልቲክስ አራት ለሁለት ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሂውስተን ወደዚያ ደረጃ አልተመለሰም። በ1992 ደግሞ ከክለቡ አመራር ጋር ክፉኛ ተጋጭቶ ወደ ሌላ ክለብ እንዲሸጡት እስከመጠየቅ ደረሰ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በገንዘብ አልተቸገረም፣ ዝናም ነበረው። ከሙስሊም ቤት ቢወጣም በአሜሪካ የመጀመሪያ ዓመታቱ ከዲኑ ራቅ ብሎ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ግን በሂውስተን ወዳለ መስጊድ መመላለስ ጀመረ። ሶላቱን ያዘ፣ ቁርኣን መቅራትና መማር ጀመረ፣ ሐጅም አደረገ።

በ1991 የስሙን አጻጻፍ አስተካከለ። አሜሪካኖች እስከዚያ ድረስ «አኪም» እያሉ ይጽፉት ነበር፤ ከዚያ በኋላ በትክክለኛው በዐረብኛው «ሐኪም» ሆነ። እኛ ዘንድ ሐኪም ሲባል የሚታሰበን በሽተኛ የሚያክመው ሰው ቢሆንም ትርጉሙ ጥበበኛ ማለት ነው። ከስሙ ጋር ጠባዩም ተለወጠ። ሜዳ ላይ ይጮህ የነበረው ሰው ረጋ አለ፤ ጓደኞቹን ማመን፣ ኳሷንም ለነሱ ማቀበል ጀመረ። ከክለቡም ጋር ታረቀ። ብዙዎች ሃይማኖት ተጫዋችን ያለዝበዋል ብለው ይገምቱ ነበር። የሐኪም ታላላቅ ዓመታት ግን ከዚህ በኋላ የመጡት ናቸው።

የ1994 እና የ1995 ዋንጫዎች

በ1994 ሂውስተን ለዋንጫ ሲደርስ ተጋጣሚው የኒው ዮርክ ኒክስ ሆነ። በዚያ ቡድን መሐል ላይ የቆመው ማን ነበር? ከአሥር ዓመት በፊት በዩኒቨርሲቲው ዋንጫ ያሸነፈው ፓትሪክ ዩዊንግ! በስድስተኛው ግጥሚያ ኒው ዮርክ ቢያሸንፍ ዋንጫው ያልቅለት ነበር። ሂውስተን 86 ለ84 እየመራ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ጆን ስታርክስ ከሩቅ ወረወረ። ሐኪም ተዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ነካት። በዚያች ጣት ቡድኑ ለሰባተኛው ግጥሚያ ተረፈ፤ ሰባተኛውንም አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሐኪም በዚያ አንድ የውድድር ዘመን የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች፣ የዓመቱ ኮከብ ተከላካይና የዋንጫው ኮከብ ተብሎ ሦስቱንም ጠቀለለ። ከሱ በፊት ይህን ያደረገ ተጫዋች አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት ሂውስተን ተዳክሞ ከምዕራቡ ምድብ ስድስተኛ ሆኖ ነበር ወደ ጥሎ ማለፍ የገባው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ክላይድ ድሬክስለር በዓመቱ መሐል መጥቶ አገዘው። ከፊኒክስ ጋር ሦስት ለአንድ ከተመሩ በኋላ አንሰራርተው አለፉ። በዚያ ዓመት የኮከብነቱን ሽልማት የወሰደውን ዴቪድ ሮቢንሰንን ሐኪም በፊት ለፊት ግጥሚያ በለጠው። በመጨረሻም የወጣቱን የሻኪል ኦኔልን ቡድን ኦርላንዶን አራት ለዜሮ አሸንፈው ዋንጫውን ደገሙት።

የካቲት 1995

ወደ ተማሪያችን ጥያቄ የሚያደርሰን ግን የዚህ ዓመት አንድ ወር ነው። በ1995 የረመዳን ወር ከፌብሩዋሪ ወር ጋር ገጥሞ ዋለ። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ለማንም ፆም ብሎ አይቆምም፤ በሳምንት ሦስትና አራት ግጥሚያ፣ በየመሐሉም የአውሮፕላን ጉዞ አለ። ሐኪም ከንጋት በፊት ተነሥቶ ሱሑሩን በቴምርና በብዙ ውሃ ይይዛል። ግጥሚያው ምሽት ከሆነ አፍጥሮ ይገባል፤ ቀን ከሆነ ግን ሌሎች በየዕረፍቱ ውሃ ሲጠጡ እሱ ጠብታ ሳይቀምስ ይጫወታል። በወሩ መጨረሻ ሊጉ የወሩን ምርጥ ተጫዋች ሲያስታውቅ የተጠራው ስም የፆመኛው ሐኪም ነበር። እሱ ራሱ ፆም ሰውነቱን እንደሚያቀልለትና ሐሳቡን እንደሚሰበስብለት ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንገልጽ አናልፍም። መንገደኛና በሽተኛ አፍጥረው በሌላ ጊዜ እንዲያወጡ ሸሪዓችን ሩኽሷ ሰጥቷቸዋል። በዚህ የተጠቀመ ሰው ከሐኪም አነሰ ተብሎ አይነቀፍም። ሐኪምም ስፖርተኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለም፤ ብይን የሚጠየቀው ዑለማን ነው። የሐኪም ሥራ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። «በሥራዬ ምክንያት አልችልም» ከማለታችን በፊት በእርግጥ ሞክረን እንደሆነ ራሳችንን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

ገንዘቡስ?

ልጆች ስለ ዝና ሲያስቡ የሚታያቸው ገንዘብ ነውና ይህንንም እንንገራቸው። በዚያ ዘመን የታላላቅ ተጫዋቾች ስም ያለበት ጫማ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ወጣቶች በጫማ ምክንያት ይዘራረፉ፣ ይገዳደሉም ነበር። ሐኪም ስሙን የሰጠው ስፓልዲንግ ለተባለ ድርጅት ጫማ ሲሆን ዋጋውም 35 ዶላር ገደማ ነበር። የድሃ እናት ለልጇ ልትገዛው የምትችለው ጫማ እንዲሆን ፈለገ።

ቤትና መሬት በመግዛትና በመሸጥም ይነግዳል። ወለድ ሐራም ስለሆነ ከባንክ ሳይበደር በእጁ ባለው ገንዘብ ብቻ ይገዛል። በሂውስተን መሐል ከተማ በ1928 የተሠራ አንድ የድሮ ባንክ ሕንፃ ገዝቶም የኢስላማዊ ደዕዋ ማዕከል እንዲሆን አደረገው። የወለድ ሒሳብ ይሠራበት በነበረው አዳራሽ ዛሬ ሶላት ይሰገድበታል። ሱብሓነላህ!

ሐኪም በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ተሰልፎ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። የመጨረሻ ዓመቱን በካናዳው ቶሮንቶ ራፕተርስ ተጫውቶ በ2002 ከአሥራ ስምንት የውድድር ዘመናት በኋላ አቆመ። በ1,238 ግጥሚያዎች 26,946 ነጥብ አስቆጥሯል። ወደ ቅርጫት የተወረወሩ 3,830 ኳሶችን በእጁ መልሷል፤ ይህ በሊጉ እስከ ዛሬ ያልተደፈረ ክብረ ወሰን ነው። ከሱ በፊት ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረውም ሌላው ሙስሊም ካሪም አብዱል ጀባር መሆኑ ደስ ይላል። ጨዋታ ካቆመ በኋላ ዐረብኛና ዲን ለመማር ወደ ዮርዳኖስ ሄደ። እነ ኮቢ ብራያንትና ሌብሮን ጀምስ ሙያውን ሊማሩ ወደሱ ሲመጡም አስተምሯቸዋል።

ለወላጆች

ልጆቻችን ሁሉ ሐኪም አይሆኑም። ከብዙ ሺህ አንዱም ለዚያ ደረጃ አይበቃም፤ ስለዚህ ኳስ ትምህርትን ይተካል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ልጅን «ወይ መስጊድ ወይ ሜዳ» ብሎ ማስመረጥ ሁለቱንም ሊያሳጣ እንደሚችል እኛ በራሳችን ስሕተት አይተነዋል። ከመከልከላችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ጨዋታው የሶላት ሰዓቱን ይነካበታል ወይ? ከማን ጋር ይውላል? ሲሸነፍ ጠባዩ እንዴት ነው? መልሱ ጥሩ ከሆነ ለምን እንከለክላለን? መልሱ መጥፎ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሰዓቱና ጠባዩ ነው።

ለተማሪያችንም እንዲህ አልነው፤ «ግጥሚያው እዚሁ ከተማ ነው፣ መንገደኛ አይደለህም። ፆሙ ፈርድ ነው፣ ጨዋታው ግን አይደለም። ሁለቱ በእርግጥ ካልተስማሙ የሚቀረው ጨዋታው ነው። መጀመሪያ ግን ይስማሙ እንደሆነ እንሞክር።» አብረነው ወደ ስፖርት መምህሩ ሄድን። መምህሩ ሙስሊም ባይሆኑም በደንብ አዳመጡን፤ ግጥሚያውን ወደ ኋላ ሊገፉት እንደማይችሉ፣ ነገር ግን ልጁ በዕረፍቱ ዐስርን እንዲሰግድ ቦታ እንደሚሰጡትና ሲደክመው ወዲያው እንደሚቀይሩት ነገሩን። ልጁ ፆሞ ተጫወተ። ቡድኑ ተሸነፈ። መግሪብ ሲደርስ እኛ ዘንድ መጥቶ በቴምር አፈጠረና «ሁለተኛው ግማሽ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ግን አልቆጨኝም» አለን።

ያን ዕለት ማታ ወደ መጀመሪያው ልጅ ቤት ሄድን። አባቱ በር ከፍተው አስገቡን፤ ልጁ ግን እኛ መሆናችንን ሲሰማ ከጓዳ አልወጣም። አልተቀየምነውም። ይቅርታችንን በአባቱ በኩል ልከን ተመለስን፤ ኢንሻአላህ ደግመን እንሄዳለን።

አላህ ልጆቻችንን በዲናቸውም በሙያቸውም የሚያኮሩ ያድርግልን፤ እኛንም ከመፍረዳችን በፊት የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።