ተጨማሪ መረጃ፦ ሶልደሩ ለምን አልያዘም?
ከሪፍሎው ምድጃ በወጣ ቦርድ ላይ ሶልደሩ በፓዱ ላይ ሳይዘረጋ ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ፣ ሙቀት ለመጨመር አትቸኩሉ። በመጀመሪያ የት እንዳልያዘ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ፓዱን ሸፍኖ ወደ ዕቃው እግር ካልወጣ፣ እግሩ ኦክሳይድ ሳይለብስ አይቀርም። እግሩን ይዞ ፓዱ ባዶ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ቦርዱ ላይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ ወይም በባዶ እጅ ተነካክቶ ይሆናል።

ቀጥሎ ሙቀቱ ይለካል። ከሊድ ነጻ የሆነው ኤስኤሲ 305 ቅይጥ ከ217 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የቦርዱ ከፍተኛ ሙቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከ235 እስከ 250 እንዲደርስ ይፈለጋል። የምድጃውን ማሳያ አትመኑ፤ ቴርሞካፕሉን ቦርዱ ላይ ለጥፉ፣ በተለይ ሰፊ መዳብ ባለበት፣ ዘግይቶ በሚሞቀው ቦታ። ቅድመ ማሞቂያው ከረዘመ ደግሞ ሶልደሩ ሳይቀልጥ ኦክሳይዱን የሚያጸዳው ፍላክስ ይሟጠጣል፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ሙቀት ኦክሳይዱን ከማባባስ በቀር አይረዳም።