የእንቁራሪት መርዝ ከየት ይመጣል?

ክረምት በገባ ቁጥር በሐይቅ ዳርቻና በአምባሰል ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ረግረጋማ ሥፍራዎች ምሽቱ በእንቁራሪቶች ድምፅ ይሞላል። ይህን ድምፅ እየሰማ ያደገ ተማሪ በቀለማቸው የሚያብረቀርቁትን የአሜሪካ መርዛም እንቁራሪቶች በቴሌቪዥን ሲያይ ሁለት ጥያቄዎች ሊያነሣ ይችላል። መርዙ ከየት ይመጣል? ሰዎችስ እንዲህ ያለውን እንስሳ በቤታቸው እንዴት ያረቡታል? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በተራ እንመለከታለን።

መርዙና ምንጩ

ዴንድሮባቲዴ በሚባለው ቤተሰብ የሚመደቡት እነዚህ እንቁራሪቶች በተፈጥሮ የሚገኙት በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ነው። በኮሎምቢያ የሚኖሩት ኤምቤራዎች የጥቂት ዝርያዎችን መርዝ በአደን ቀስቶቻቸው ጫፍ ላይ ይቀቡ ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ በዚሁ ስም ታወቀ። ባትራኮቶክሲን የተባለው መርዝ በነርቭና በጡንቻ ሕዋሳት ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች እንዳይዘጉ በማድረግ ልብን ያቆማል።

የሚያስገርመው ግን በመስታወት ቤት ተፈልፍሎ በፍራፍሬ ዝንብ ያደገ እንቁራሪት መርዝ የሌለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኬሚስቱ ጆን ዴሊና ባልደረቦቹ ከደን ወለል የተሰበሰቡ ጥቃቅን ነፍሳትን የተመገቡት እንቁራሪቶች ብቻ መርዙን በቆዳቸው እንዳከማቹ አሳይተዋል። እንግዲህ መርዙ በአብዛኛው ከጉንዳንና ከመሳሰሉት የሚገኝ ነው ማለት ነው። በአንጻሩ በአገራችን የሚገኘው ቆዳው ሻካራ የሆነው ጓጉንቸር ከዓይኑ ጀርባ ባሉት ዕጢዎች መርዙን ራሱ ያዘጋጃል።

አያያዝና እርባታ

የመስታወቱ ቤት የደን ወለል አምሳያ ነው። ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት ከ80 በመቶ በላይ እንዲሆን ይደረጋል፤ ወለሉም በረገፈ ቅጠል ይሸፈናል። እንቁራሪት በቆዳው ውሃ ስለሚመጥና በከፊል ስለሚተነፍስ፣ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ይጎዳዋል። ምግቡ በካልሲየምና በቫይታሚን ዱቄት የተነሰነሰ የፍራፍሬ ዝንብ ነው።

ወንዱ በድምፁ ሴቷን ይጠራል። ጥቂት እንቁላሎች በእርጥብ ቅጠል ላይ ይጣላሉ፤ በብዙ ዝርያዎች ወንዱ እያረጠበ ይጠብቃቸዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ እጮቹ ሲፈለፈሉ ወላጃቸው በጀርባው አዝሎ ወደ ውሃ ይወስዳቸዋል። አርቢዎች ግን እጮቹ እርስ በርሳቸው እንዳይበላሉ በየዕቃው ለያይተው ያሳድጓቸዋል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ እግር ያበቅላሉ፤ ጭራቸው ይከስማል፤ በሳንባም መተንፈስ ይጀምራሉ።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ

ይህን ያነበበ ወጣት በቅርብ ካለው ኩሬ እንቁራሪት ይዞ በማሰሮ ለማኖር ሊነሣሣ ይችላል። እኛ ግን ይህን አንመክርም። የኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች በሌላው ዓለም የማይገኙ እንቁራሪቶች መኖሪያ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እንኳ ፕቲካዴና ከተባለው ወገን አራት አዳዲስ ዝርያዎች ለሳይንስ ተመዝግበዋል። በሌላ በኩል ካይትሪድ የተባለው ፈንገስ በአገራችን መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ይህ ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ በማጥቃት የሰውነቱን የጨው ሚዛን ያዛባል፤ ሕመሙ ሲጸና ልቡ ይቆማል። ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው የተወሰደ እንቁራሪት፣ ውሃ ወይም ጭቃ የያዘ ጫማ በሽታውን ሊያዛምት ይችላል።

ስለዚህ እንቁላሉንም እጩንም ባለበት ትተን እንመልከት። የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማበትን ቀን፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ እንቁላሉ የታየበትን ሥፍራና የኋላ እግር የበቀለበትን ጊዜ በደብተር መመዝገብ ይቻላል። ወደ ሌላ ውሃ ከመሄዳችን በፊትም ጫማችንን አጥበን ማድረቅ ይገባናል። በየዓመቱ በአንድ ሥፍራ የሚያዝ እንዲህ ያለ መዝገብ የሐይቅ እንቁራሪቶች ቁጥር ቢቀንስ ድምፃቸው ጨርሶ ከመጥፋቱ አስቀድሞ እንድናውቅ ይረዳናል።