የቤተሰብን ፎቶግራፍ ወደ ዲጂታል ለመቀየር ምን ዓይነት ስካነር ይመረጣል?

ጉደር፡- በጉደር፣ በአምቦና በአካባቢው ከተሞች በየቤቱ የሠርግ፣ የምረቃና የልጅነት ፎቶግራፎች በአልበምና በካርቶን ተቀምጠው ይገኛሉ። እርጥበት፣ ብርሃንና አቧራ ምስሎቹን በየጊዜው የሚጎዱ በመሆናቸው ሳይዘገዩ ወደ ዲጂታል መቀየር ተገቢ ነው።

የዚህን ሥራ ጠቀሜታ በአዲስ አበባ የታየው ምሳሌ ያስረዳል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በተሰኘው ፕሮጀክት ከነዋሪዎች አልበም የተሰበሰቡ ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ ታትመዋል። በግለሰብ ቤት የተቀመጠ ምስል የከተማ ታሪክ ቅርስ ሊሆን እንደሚችልም በዚሁ ታይቷል።

ስካነር ከመግዛት አስቀድሞ በቤት ያለውን ክምችት መለየት ያስፈልጋል። በወረቀት የታተመ ፎቶግራፍ ብቻ ላለው ሰው ተራ ጠፍጣፋ ስካነር ይበቃዋል፤ ምስሉንም በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ስካን ማድረግ በቂ ነው። ነጋቲቭ ግን ብርሃን በውስጡ ሊያልፍ ስለሚገባው በክዳኑ መብራት ያለው ጠፍጣፋ ስካነር ወይም ለፊልም ብቻ የተሠራ ስካነር ይሻል። ለፊልም ብቻ ከተሠሩት አብዛኞቹ ከ35 ሚሊ ሜትር ሌላ እንደማይቀበሉ ማወቅ ይገባል። ፎቶግራፍ፣ 35 ሚሊ ሜትርና ሰፋፊ ነጋቲቭ በአንድነት ላለው ቤተሰብ የሚስማማው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ2400 ዲፒአይ ስካን ከተደረገ በ300 ዲፒአይ 19 በ29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በጥራት ሊታተም ይችላል። በሶፍትዌር ተባዝቶ የሚገኝ ቁጥር ለምስሉ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። አቧራንና ጭረትን በኢንፍራሬድ የሚያጠፋው ዘዴም ለቀለም ነጋቲቭ የሚጠቅም ቢሆንም፣ በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያለው ብር ጨረሩን ስለሚያግድ ምስሉን ያበላሻል።

ዋናው ቅጂ በቲፍ ፋይል ተይዞ በሁለት ሃርድ ዲስክ ቢገለበጥና አንዱ በሌላ ቤት ቢቀመጥ ይመረጣል። ነጋቲቩም ሊጣል አይገባም። ከሁሉ በላይ በምስሉ የሚታዩትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መመዝገብ ያሻል፤ ያለፈን ምስክርነት የትኛውም ስካነር አይመልሰውምና።