ከእግር ፔዳል ወደ ሞተር፦ የፋብሪካ ስፌት መኪና መልመድ

ለዓመታት በእግር በምትረገጥ ሲንጀር ወይም በተርፍላይ የሰፋ ሰው የፋብሪካ መኪና ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያስቸግረው እግሩ ነው። በአሮጌዋ መኪና ጉልበት የሚሰጠው እግር ነበር። ጣትና ተረከዝ እየተፈራረቁ ይረግጣሉ፣ መዘውሩ ይዞራል፣ ሰፊው ሲደክመው መኪናዋም ትዘገያለች። በአዲሱ ግን ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር ከታሰረው ሞተር ይመጣል፤ ለእግር የቀረለት መመጠን ብቻ ነው። ፔዳሉን በጣት በኩል ጫን ሲሉት ይሄዳል፣ በተረከዝ ሲመልሱት ይቆማል። እንደ ድሮው ጣትና ተረከዝ የሚያፈራርቅ ሰው መኪናውን ያስፈነጥርና ወዲያው ይገታዋል።

ፍጥነቱ የዋዛ አይደለም። በብዙ አገር ልብስ ሰፊዎች የሚያውቁት ጁኪ ዲዲኤል 8700፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋው፣ በደቂቃ እስከ 5,500 ጊዜ ይወጋል። ወደ 4,000 ተቀንሶ እንኳ 2.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ስፌት ቢሄድ በደቂቃ 10 ሜትር ጨርቅ ያልፍበታል፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። የአልጋ ልብስ ወይም መጋረጃ ለሚሰፋ ሰው ይህ በረከት ነው። የኪስ ጥግ ላይ ግን እግር በጊዜ ካልተነሳ መርፌው ጥጉን አልፎ ሄዷል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሞተሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለ ክላች ሞተር ማብሪያው እንደተጫነ መዞር ይጀምራል፣ ሰፊው ቢሰፋም ባይሰፋም ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ፔዳሉ የሚሠራው የሚዞረውን ሞተር ከመኪናው ጋር ማገናኘት ነው። በዝግታ ለመስፋት ክላቹን በግማሽ ይዞ መቆየት ይጠይቃል፤ መንዳት የሚማር ሰው ዳገት ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሰርቮ ሞተር ግን ፔዳሉ ሲነካ ብቻ ይዞራል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ መብራት ይቆጥባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፍጥነቱን ጣሪያ በቁልፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ለጀማሪ ሰርቮውን ያለማመንታት እመርጣለሁ። ክላቹን የገዛ ሰውም ቢሆን አይጨነቅ፤ የሞተሩን ፑሊ በአነስተኛ ቀይሮ ለእሱ የሚሆን ቺንጋ ሲያስገባ ፍጥነቱ ይወርዳል።

ልምምዱ ያለ ክር ይጀመራል። መርፌ ወረቀት ላይ ስለሚደነዝዝ አሮጌ መርፌ ይገባል፣ ከዚያ መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ተይዞ በመስመሩ ላይ ቀስ እያሉ መስፋት ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉን ይናገራሉ፦ የት እንደተፈራ፣ የት እንደተቸኮለ፣ የት እጅ ወረቀቱን ጎትቶ መስመሩን እንዳሳተ። ጨርቅ የሚያስኬደው ከሥር ያለው ጥርስ ነው፤ እጅ አቅጣጫ ይይዛል እንጂ አይጎትትም። ጥግ ሲደርስ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ስፌቶች መዘውሩን በእጅ ወደ ራስ እያዞሩ መጨረስ፣ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ መተው፣ ከዚያ በእግር ጉልበት የሚገፋውን ማንሻ ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ነው። የጨርቅ መጫኛው ብድግ ይላል፤ ሁለቱም እጆች ከጨርቁ ሳይነሱ ሥራው ይዞራል። ይህን ማንሻ አንዴ የለመደ ሰው እንደገና በእጅ ማንሳት ያስጠላዋል።

መርፌው ራሱ ሌላ ነው። የቤት መኪና መርፌ አናቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጎን ስላለው በትክክለኛው አቅጣጫ ለማስገባት ያግዛል። የዚህኛው አናት ሙሉ ክብ በመሆኑ የሚያስተካክለው ዓይን ነው። በዲዲኤል 8700 የመርፌው ረጅም ቦይ ወደ ግራ ይዞራል፣ ክሩም ከግራ ወደ ቀኝ ይገባል። መርፌው ትንሽ ዞሮ ከተቀመጠ ስፌቱ መዝለል ይጀምራል፤ ስፌት ሲዘል መካኒክ ከመጥራት በፊት መርፌውን ማየት ጥሩ ነው። ሲጀመርም የክሩን ጫፎች ያዝ ማድረግ ከሥር የሚፈጠረውን የክር ጉንጉን ያስቀራል።

ዘይት ላይ ቀልድ የለም። የአዲስ መኪና ጭንቅላት ዘይት ሳይሞላበት ስለሚመጣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጋደም አድርጎ ከሥሩ ያለውን ገንዳ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሙላት ይገባል፤ ለስፌት መኪና በተዘጋጀው ቀጭን ዘይት እንጂ በመኪና ሞተር ዘይት ወይም በምግብ ዘይት አይደለም። ሲሠራ አናቱ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ዘይቱ ሲረጭ መታየት አለበት፤ ካልታየ ወዲያው ማቆም ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ ሥራው ተከፋፍሎ አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ ስትሰፋ ትውላለች፤ ፍጥነት ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ነው። የሰፈር ልብስ ሰፊ ግን ሱሪውን ከቆረጣው እስከ ዚፑ ብቻውን ይጨርሳል፣ በየደቂቃው ይቆማል፣ ይነሳል። ለእሱ በዝግታ መስፋት መቻል ከ5,500 ይበልጥበታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ስለሚቆምበትም አሮጌዋን ባለ ፔዳል መኪና ለመሸጥ ባይቸኩል እላለሁ።

ባለ ክላች ሞተር የያዘ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ሳያጠፋ ከወንበሩ አይነሳ፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ ብቻውን ሊነሳ ይችላል፣ ፔዳሉን የነካ ሕፃን መርፌውን ያስነሳዋል። ከተጠፋ በኋላም ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች መዞሩን ስለሚቀጥል መርፌ መቀየር የሚጀመረው ጉርምርምታው ጨርሶ ሲያልቅ ነው።