የዜማ ሥልጠናና የድምፅ ጤና፦ ድምፅ ሲጎረንን "በርታ" ማለት ለምን ይጎዳል?

አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ዘማሪ ድምፅዋ ከጎረነነ ሁለት ወር ሆኖት ወደ ክሊኒክ መጣች። ለበዓል ዝግጅት በየምሽቱ ልምምድ ነበራቸው። "አሠልጣኜ ድምፅ የሚከፈተው ከጎረነነ በኋላ ነው፣ በርቺ ይለኛል" አለችኝ። እናቷ ደግሞ በየጠዋቱ ዝንጅብል በማር አፍልተው ይሰጧታል። ሁለቱም በጎ አስበውላት ነው። ከአንገት በላይ ሐኪም ሲመረምራት ግን በድምፅ አውታሮቿ ላይ ኖዱል የሚባሉ ትንንሽ እብጠቶች ተገኙ።

ድምፅ እንዴት ይፈጠራል?

የድምፅ አውታሮች በማንቁርት ውስጥ የሚገኙ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ስማቸው አውታር ይሁን እንጂ እንደ ክራር ክር አይደሉም፤ በስስ ሽፋን የተሸፈኑ ጡንቻዎች ናቸው። ከሳንባ የሚወጣ አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ። በተለመደ ንግግር የወንድ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። ከፍ ያለ ዜማ ላይ ቁጥሩ በእጅጉ ይጨምራል። በጉልበት ሲገፉ ግጭቱ ይበረታል፤ ሽፋኑ ያብጣል፤ ድምፅም ይጎረንናል። ስለዚህ መጎርነን ድምፅ እየተከፈተ ነው ማለት ሳይሆን አውታሮቹ እረፍት ይፈልጋሉ ማለት ነው።

የመድረክ ልምድና ሳይንስ

እነዚህን አውታሮች በሥራ ላይ እያሉ አይቶ በዝርዝር የገለጸው ሰው የዘፈን መምህር ነበር። ስፔናዊው ማኑኤል ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 በትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን የድምፅ አውታሮች ተመለከተ፤ በቀጣዩ ዓመት ግኝቱ ለንደን ውስጥ ለሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። ሐኪሞችም ዘዴውን ወስደው ማንቁርትን መመርመሪያ አደረጉት።

ዛሬም ጥሩ አሠልጣኝ ሁለቱንም ይዞ ያስተምራል። ለምሳሌ "ከሆድህ አውጣው" የሚለው ምክር ከልምድ የመጣ ነው። ነገር ግን አየር ሆድ ውስጥ አይገባም። ስንተነፍስ ከሳንባ በታች ያለው ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሆድም ወደ ፊት ይወጣል። ዜማው ሲወጣ የሆድና የጎን ጡንቻዎች አየሩ ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ ያግዛሉ። ይህ ያልተገለጸለት ተማሪ ሆዱን አጥብቆ አየሩን በአንድ ጊዜ ይገፋል፤ ጉዳቱም አውታሮቹ ላይ ያርፋል።

በልምምድ ጊዜ ምን ይደረግ?

• በዝቅተኛ ድምፅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያሟሙቁ። በቀጭን ስትሮ ውስጥ ማዜም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጠባቡ ቀዳዳ ወደ ኋላ የሚመልሰው ግፊት አውታሮቹ ሳይጋጩ በቀላሉ እንዲርገበገቡ ይረዳል።
• ዜማው ከድምፅዎ በላይ ከሆነ ቁልፉ ዝቅ እንዲል ይጠይቁ።
• በልምምድ መካከል እረፍት ይውሰዱ፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ።
• ጉሮሮ ካመመዎት ወይም ድምፅዎ ከጎረነነ የዚያን ቀን ልምምድ ያቁሙ።

ቤት ውስጥስ?

ዝንጅብልና ማር ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፤ ነገር ግን የምንውጠው ነገር በምግብ ቧንቧ ስለሚወርድ የድምፅ አውታሮችን አይነካም። ቢነካቸው ኖሮ ትን ይለን ነበር። ትኩስ ነገሩ አይከለከልም፤ እረፍትን ግን አይተካም። ድምፅ ሲጎረንን በሹክሹክታ ማውራትም አውታሮቹን ሊያደክም ይችላል፤ በለሰለሰ ድምፅ ጥቂት መናገር ይሻላል። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ፣ ሲጋራና ጭስ፣ እንዲሁም ቃር ላለበት ሰው እራት በልቶ ወዲያው መተኛት ድምፅን ይጎዳሉ።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• መጎርነኑ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ካልተሻለ፤ በተለይ ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው፣ የማንቁርት ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል አይዘግዩ።
• እየዘፈኑ ወይም እየጮኹ ሳለ ድምፅዎ በድንገት ከጠፋ። አውታሩ ደም አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ድምፅ ማውጣት ያቁሙና በአስቸኳይ ይመርመሩ።
• ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም አንገት ላይ እብጠት ካለ።
• መተንፈስ ካስቸገረዎት ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ኖዱል በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በድምፅ እረፍትና በባለሙያ በሚመራ የድምፅ ልምምድ ይሻሻላል። ወጣቷም በዓሉ አለፋት፤ በዚያ በጣም አዝና ነበር። በቀጣዩ ቀጠሮ ግን አሠልጣኟ አብሯት መጣ። የአውታሮቿን ምስል ካየ በኋላ የልምምዱን ሰዓት አሳጠረላት፣ ቁልፉንም ዝቅ አደረገላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ መዘምራኑ ተመልሳለች። እርስዎም ወይም ልጅዎ በዜማ ሥልጠና ላይ ከሆናችሁ የመጎርነኑን ነገር ለሐኪምም ለአሠልጣኙም መንገር አትርሱ።

መልካም ጤንነት!