ከቡና ቅጠል የሚበቅል ቡና

ዘንድሮ ከቤት ያመጣነውን ጥሬ ቡና አፈር በሞላ ጣሳ ተክለን በክፍላችን መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ሁለት ወር ሙሉ ውኃ አጠጣን፤ አንድም አልበቀለም። በጅቡቲ ሙቀት ላይ ልናሳብብ ስንል መምህራችን አስረዱን፤ የቡና ፍሬ ከደረቀና ወራት ካለፉት የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ለጀበና የሚሆነው ለዘር አይሆንም።

ከዚህ በላይ የገረመን ቡና ያለ ፍሬ፣ ከቅጠሉ ቁራጭ መብቀል መቻሉ ነው።

ቅጠሉ ከጀርም ከጸዳ በኋላ በትንንሹ ተቆርጦ ስኳር፣ ማዕድንና የዕድገት ሆርሞን ባለው ጄሊ ላይ ይቀመጣል። በተቆረጠው ጠርዝ ያሉት ሕዋሳት ይባዙና ቅርጽ የሌለው እብጠት ይሠራሉ። ሆርሞኑ ሲቀየር ከእብጠቱ ሕዋሳት አንዳንዶቹ በፍሬ ውስጥ እንዳለው ፅንስ መሆን ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ድቡልቡል፣ ቀጥሎ የልብ ቅርጽ፣ በመጨረሻም ሥርና ቅጠል ያለው ችግኝ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አበባ የለም።

ታዲያ ቅጠል እንዴት ፅንስ ይሆናል? እያንዳንዱ የቡና ሕዋስ የተክሉን ጂኖች በሙሉ ይዟል፤ የሚሠራው ግን በከፊሎቹ ነው። በቤታችን ምጣዱም ጀበናውም አለ፤ እንጀራ ሲጋገር ጀበናው መደርደሪያው ላይ ይቀራል። አንድ ጂን ከመደርደሪያው ወርዶ ሥራ ሲጀምር ተመራማሪዎች «ጂኑ ተገለጸ» ይላሉ። ሌክ 1 እና ቤቢ ቡም የሚባሉት ጂኖች ፅንሱ በሚፈጠርበት ጊዜ እንደሚነቁ በቡና ላይ በተደረጉ ምርምሮች ታይቷል። ቤቢ ቡም ይህን ስም ያገኘው ከመጠን በላይ እንዲሠራ የተደረገባቸው ተክሎች በቅጠላቸው ላይ ፅንስ ስላወጡ ነው። እኛ ስሙን ወደነዋል።

ይህ በወደባችን በኩል የሚያልፈውን ቡና ለሚያመርተው ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? የቡናን ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ሲመርጥ ኖሯል፤ እንደ አባ ቡና ያሉ የተዳቀሉ ዝርያዎችንም አውጥቷል። የተዳቀለ ቡና ፍሬው ሲዘራ ግን ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዱ ያፈራል፣ ሌላው ይደክማል። ገበሬው ይህን የሚያውቀው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ መሬቱ ተይዞ ጉልበቱ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከቅጠል የተባዛው ችግኝ በአብዛኛው እናቱን ራሷን ነው።

ችግሩ ሁሉም ዝርያ እሺ አለማለቱ ነው። የአንዳንዱ ቅጠል ለወራት ያብጣል እንጂ ፅንስ አይወጣውም። ተመራማሪዎቹ የትኞቹ ጂኖች እንደነቁ፣ የትኞቹ እንደተኙ የሚለኩት ለዚህ ነው፤ የማይሆነውን እብጠት ገና ጄሊው ላይ ሳለ ለመለየት።